ያባባሰው ማን ነው?

ጥቅምት 4 ቀን

ለወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? አባባስ እንዴት ናቸው? ባለቤትህስ? እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ከሥራ ብዛት በቀር።

ደብዳቤህን ሳየው ሰው የሞተ መስሎኝ ቆሜ ነው የከፈትኩት። አንተ እኮ «ደህና ነን፣ ሥራም ደህና ነው» ከሚል በቀር ጽፈህ የማታውቅ ሰው ነህ። ልብስ ሰፊ ስለሆንክ ወሬም በልክ ነው የምትቆርጠው። አሁን ግን ገጽ ሙሉ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግስ ትጠይቀኛለህ። ኤግዛሰርቤት ማለት ምንድን ነው፣ መቼ ነው የሚባለው፣ በማን ላይ ነው የሚባለው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ።

እንግዲህ ከጠየቅክ እመልሳለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ሌላው የተረጎመውን ሳርም የምውለው ለዚሁ ነው። ኤግዛሰርቤት ማለት ማባባስ ነው። ዝም ብሎ ማበላሸት ግን አይደለም። ደህናውን ነገር ኤግዛሰርቤት አደረገው አይባልም። አስቀድሞ የታመመ፣ የተጣላ ወይም የጎደለ ነገር መኖር አለበት፤ በዚያ ላይ ሌላ ነገር ተጨምሮ ሲብስ ነው ቃሉ የሚመጣው። የሚባባሰውም በሽታው፣ ጠቡ፣ ችግሩ ነው፤ ሰውየውን ራሱን ኤግዛሰርቤት አደረግሁት አይባልም። የኛ ሰው በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይል የለ? እንቅርቱ ድሮም ነበረ፣ ጆሮ ደግፉ መጣበት። ደግሞ የሚያባብስ ሰው ሁሉ ክፉ አሳቢ አይደለም። ለደግ ብሎ የሚያባብስም ሞልቷል፤ ልትኳል ብላ ዓይኗን አጠፋች የሚባለው ዓይነት።

አሁን ደግሞ የኔ ተራ ነው። ቃሉን ከየት አመጣኸው? ሱሪ ኪስ ውስጥ ወድቆ አይገኝም። «መጠየቄን ለአባባ እንዳትነግሪ» ያልከውስ ለምንድን ነው? ከደንበኛ ተጣላህ? ከሚስትህ? ወይስ ሱቁን የሚመለከት ነገር አለ? አስቀድሞ የታመመው ምን እንደሆነ ሳትነግረኝ ስለ ማባባስ ታስጠናኛለህ።

የላክሁት የዓይን ጠብታ ደረሰ ወይ? የአውቶብሱ ሾፌር በእጄ ሰጠሁ ብሎኛል። አባባ በስልክ ግራ ዓይኔን ይቆረቁረኛል ሲሉኝ ባለፈው እኔን ዓይኔን አሞኝ የታዘዘልኝ ትዝ አለኝ፤ እኔን በሁለት ቀን ነው ያሻለኝ። እናታችን ነፍሷን ይማርና፣ በቤታችን የአንዱ መድኃኒት የሁሉም ነበር። የሳል ሽሮፑ ከታላቅ እስከ ታናሽ በአንድ ማንኪያ ዞሮ ማንም አልሞተም። ጨምሩላቸውና እንዴት እንዳደረጋቸው ጻፍልኝ።

እህትህ


ጥቅምት 12 ቀን

ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ስለ ቃሉ አጥርተሽ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ።

ከየት አመጣኸው ላልሽው፣ አንድ ደንበኛ ኮት እየተለካ ለጓደኛው ሲያወራ ሰምቼው ነው። ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። እንዳይጠፋኝ ብዬ በጠመኔ የሰው ሱሪ ላይ ጻፍኩት። ባለሱሪው መጥቶ ይሄ ምንድን ነው ቢለኝ የልኬት ምልክት ነው ብዬ ሸኘሁት። ከዚህ ሌላ ምንም የለም፣ ነገር አታብዢ።

ግን እኔም አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያን የዓይን ተረት ለምን መረጥሽው? ስንት ተረት እያለ? ማን ነው የነገረሽ? ሾፌሩ ነው? የሾፌሩ አፍ ወንፊት መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። የሰማሽው ነገር ካለ በግልጽ ንገሪኝ እንጂ በተረት አትውጊኝ። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ጠብታው ደርሶ ነበር። አሁን አልቋል። አባባ ደህና ናቸው፤ ሥራ ትንሽ ቀነስ አድርገዋል፣ ዕድሜ ነው። ደንበኛ ሲገባ እንደ ድሮው ከወንበራቸው ተነስተው ትከሻ ይለካሉ። ያው እንደምታውቂያቸው፣ የሰው ኮት መንገድ ላይ አይተው ሰፊውን ሲረግሙ ይውላሉ።

ስለ ቃሉ ሁለት ነገር አልገባኝም። ሰውየው ባያውቅስ? ማለቴ የሚያባብስ መሆኑን ሳያውቅ ቢያደርገው ቃሉ ያው ነው ወይስ ሌላ ለዘብ ያለ አላቸው? ደግሞ የተባባሰ ነገር ወደነበረበት ይመለሳል ወይስ ቃሉ ከተባለ አበቃ ማለት ነው? ዝም ብዬ ለማወቅ ያህል ነው።

በስልክ አትደውዪ። ስልኩ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አባባ ክንድ ሥር ነው፤ የምናወራውን ሁሉ ይሰማሉ።

ወንድምሽ


ጥቅምት 20 ቀን

ለወንድሜ፣

ሰላምታውን ልዝለለው፣ ተናድጃለሁ።

መጀመሪያ ለጥያቄህ። ቃሉ ልብን አይመረምርም። አውቆም ሳያውቅም ያባባሰ ያው አባባሰ ነው የሚባለው። ለዘብ ያለ ቃል እነሱም የላቸውም፣ እኛም የለንም። ስለ መመለሱ ቃሉ ምንም አይልም። የተባባሰ ሕመም ሊድን ይችላል፣ ላይድንም ይችላል፤ እሱን የሚያውቀው ሐኪም ነው። ሐኪም ያልኩት አምልጦኝ አይደለም። ቃሉን አብዝቼ የማገኘው በሐኪሞችና በጠበቆች ወረቀት ላይ ነው። ኮት የሚለካ ሰው አፍ ውስጥ አግኝቼው አላውቅም። ከአጠገቤ የምትሠራዋን የቢሮ ጓደኛዬን ብጠይቃት ደንበኛው ሐኪም ነው ወይስ ጠበቃ ብላ ሳቀችብኝ። ላም ባልዋለበት ኩበት አታስለቅመኝ።

ቀጥሎ፣ ያ ብልቃጥ እንዴት ነው ያለቀው? ጠብ ጠብ የሚደረግ ነገር እኮ ነው። ፊታችሁን ታጠባችሁበት? የሚስትህ እናት ዓይናቸውን ያማቸዋል ብለህ አንድ ጊዜ ጽፈህልኝ ነበር። ሰው ማማት አልወድም፤ ግን ለአባቴ የላክሁት የሌላ ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ ከሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ።

አትደውዪ ስላልከኝ ደግሞ ደወልኩ። አባባ ራሳቸው አነሱት። ደህና ነኝ አሉኝ። ስለ ጠብታው ስጠይቃቸው «ምን ያደርጋል፣ አለቀ እንጂ ልጄ፤ ገና ስጀምረው ዓይኔን መስተዋት አድርጎልኝ ነበር» አሉኝ። ከዚያ በጨዋታ መሃል የኮቱን ቁልፍ ቀዳዳ መስፋት ላንተ እንደተዉልህ ነገሩኝ። አባባ የቁልፍ ቀዳዳ ለሰው የሚተዉ ሰው ናቸው? እናታችን በሞተች ሰሞን እንኳ አጎታችን ላግዝዎ ቢላቸው መርፌውን ነጥቀውታል። ሌላ ነገር ሳልጠይቅ ሚስትህ ከኋላ «ይበቃል፣ ወዲህ ይስጡኝ» ስትል ሰማሁ፣ ስልኩም ተዘጋ።

እንግዲህ ምን ላስብ? መድኃኒቱ ረድቷቸው ነበር፣ እናንተ ለሌላ አደረጋችሁት፣ ዓይናቸው ባሰ፣ ሐኪም አባባሳችሁት አላችሁ፣ አንተም የቃሉን ክብደት ልትመዝን ወደኔ ጻፍክ። ተሳስቼ ከሆነ ተሳስተሻል በለኝ። ዝም ካልክ መጥቼ እወስዳቸዋለሁ። እኔ ጋ ፀሐይ የሚገባበት ባዶ ክፍል አለ፤ አባቴ ዓይናቸው እየጠፋ እዚያ የሚቀመጡበት ምክንያት አይታየኝም።

እህትህ


ጥቅምት 28 ቀን

ለእትዬ፣

ሚስቴን ባታነሺ ጥሩ ነበር። በየማለዳው ውሃ አፍልታ፣ አቀዝቅዛ፣ በንጹሕ ጨርቅ የአባባን ዓይን የምትጠርገው እሷ ናት። ስልኩን የተቀበለቻቸው እያወሩ ዓይናቸውን በእጃቸው ማሸት ስለጀመሩ ነው። እናቷም ያንቺን ጠብታ መልኩን አያውቁትም። ታላቄ ነሽ፣ አከብርሻለሁ፣ ግን ይሄ አፍሽ አንድ ቀን ሰው ይገድላል።

እሺ፣ ደንበኛው ውሸት ነው። ቃሉን የሰማሁት ከዓይን ሐኪሟ ነው። አባባን ጠባብ ጨለማ ክፍል ውስጥ አስቀምጣ፣ አገጫቸውን በመመርመሪያው ብረት ላይ አስደግፋ ግራ ዓይናቸውን በመብራት እያየች ለባልደረባዋ በእንግሊዝኛ ታስረዳዋለች። ያችን ቃል ደጋግማ አነሳች፤ ባነሳች ቁጥር ወደኔ ትዞራለች። አባባ አገጫቸውን ሳያነሱ ምን አለች ይሉኛል። ደህና ነዎት አለች አልኳቸው። በኋላ ኮሪደር ላይ ጠርታ ምን ማቆም እንዳለብን ነገረችኝ። እኔ ግን ለባልደረባዋ ያለችው ነበር የከነከነኝ። እናንተ አመጣችሁበት ነው ያለችው ወይስ እናንተ አባባሳችሁበት? ለዚህ ነው የጻፍኩልሽ። አስቀድሞ የነበረ ነገር መኖር አለበት ስትዪኝ ትንሽ ተነፈስኩ። የዓይኑ ነገር ከመጀመሪያም ነበር ማለት ነው ብዬ።

ያባባሰው ነገር ቆሟል። ምን እንደነበር አትጠይቂኝ፣ ብታውቂው የሚጠቅምሽ ነገር የለም። ግራው በሕክምና ላይ ነው፣ ቀኙ ደህና ነው። በቀኙ ጋዜጣ ያነባሉ፣ የኔን ስፌት ያጣጥላሉ። አንቺ ግን ከእንግዲህ ምንም ነገር እንዳትልኪ፤ ጠብታም ሆነ ቅባት፣ ምንም። እግርሽ ላይ ወድቄ እለምንሻለሁ።

ልውሰዳቸውም አትበዪ። አባባን ከስፌት መኪናው ብትለዪያቸው ፀሐዩ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው መጋረጃሽን እየፈቱ ነው የሚሰፉት። ለኔም ይህ ሱቅ ያለሳቸው ሱቅ አይሆንልኝም።

ወንድምሽ


ኅዳር 6 ቀን

ለአባባ፣

እንደምን ሰንብተዋል? በትልልቁ የጻፍኩት በቀኝ ዓይንዎ እንዲያነቡት ነው። ሾፌሩን ሰው በሌለበት ለእሳቸው ብቻ ስጥልኝ ብዬ ለምኜዋለሁ። ይህን በማድረጌ ይቅር ይበሉኝ፤ ደስ እያለኝ አይደለም።

እዚያ ቤት የሚሆነው ነገር አልገባኝም። ወንድሜ ሕመምዎን ያባባሰ ነገር ነበር ይላል፣ ምን እንደነበር ግን አይናገርም። ብጠይቀው ተቆጣ። ጭራሽ መድኃኒት አትላኪ አለኝ። አባቱን የሚወድ ልጅ እንዲህ ይላል? ክፉ ነው አልልም፣ አብሬው ነው ያደግሁት። ግን የሚሸፍነው ነገር አለ። የራሱን ጥፋት ይሁን የሚስቱን አላውቅም፤ ልቤ ወደሷ ያደላል። እርስዎ ደግሞ ሰው ላለማስቀየም ብለው ቢሞቱም አይናገሩም።

ከደብዳቤው ጋር በላክሁልዎ ሹራብ ውስጥ የጠቀለልኩት ሁለት ብልቃጥ ነው። ያው መጀመሪያ ዓይንዎን መስተዋት ያደረገልዎ ነው። እንደፊተኛው ተወስዶ እንዳያልቅብዎ ለማንም አያሳዩ። ጠዋትና ማታ በግራው ይጨምሩ፤ ሕመሙ እንዳይዛመት ደግሞ በቀኙም ጠብ ያድርጉበት። ቢያቃጥልዎ ይቻሉት፣ መድኃኒት ያቃጥላል።

የጀመርኩትን ሥራ ስጨርስ እመጣለሁ። እስከዚያው እንደተለመደው ይሁኑ፣ ይህን ያወቀ ሰው እንዳይኖር።

ልጅዎ


ኅዳር 19 ቀን

ለእትዬ፣

ዛሬ ሰላምታ አልጽፍልሽም። ቢሮሽ ስደውል የሚያነሳ አጣሁ። እውነቱን ልንገርሽና፣ ቢያነሱትም የምናገርበት አፍ አልነበረኝም። ሾፌሩ አሁን ስለሚነሳ ቆሜ ነው የምጽፈው።

ትናንት አባባ ኮት ሲቆርጡ መቀሱ የጠመኔውን መስመር ለቆ ሄደ። ዕድሜ ልካቸውን መስመር ለቀው አያውቁም። ቀና ሲሉ ቀኝ ዓይናቸው ደም መስሏል። ሐኪሟ ጋ ይዣቸው ሮጥኩ። ስንመለስ የልብስ ቁልፍ ማስቀመጫው ቆርቆሮ ውስጥ ብልቃጡን አገኘሁት፤ ደብዳቤሽም ከሥሩ ነበር፣ አነበብኩት።

አሁን ያልነገርኩሽን ሁሉ ልንገርሽ። የስፌት መኪናው መርፌ ተሰብሮ ስባሪው ግራ ዓይናቸውን ጫረው። ትንሽ ጭረት ነበረች፣ ግን አመረቀዘች። ይቆረቁረኛል ብለው ላንቺ የነገሩሽ ያኔ ነው፤ የመርፌውን ነገር ያላነሱልሽ እንዳትደነግጪ ብለው ነው። ከዚያ ጠብታሽ መጣ። መቅላቱ ወዲያው ጠፋ፣ ሁላችንም ደስ አለን፣ አባባ ሾፌሩን መርቀው አልጠግብ አሉ። ብዙም ሳይቆይ ብሌኑ ላይ ነጭ ነገር ወጣ። ብልቃጡን ለሐኪሟ አሳየኋት። ይሄ ለአለርጂ ነው፣ የቆሰለ ዓይን ላይ ሲገባ ግን መቅላቱን እየሸፈነ ቁስሉን ከውስጥ ያባብሰዋል አለችኝ። ያባባሰው ያንቺ ጠብታ ነው እትዬ።

ይህን ላንቺ እንዴት ልንገርሽ? ለሳቸውስ ዓይንዎን የጎዳው ልጅዎ የላከችው ነው ልበላቸው? ብልቃጡን ጣልኩና አለቀ አልኳቸው። ላንቺም አለቀ አልኩሽ። ሁለታችሁንም ያዳንኩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያኔ እውነቱን ብናገር አንቺም አትልኪም፣ እሳቸውም አይጨምሩም ነበር።

ሐኪሟ በግራው ተስፋ ቆርጣለች። የብልቃጡ አፍ የታመመውን ዓይን እየነካ ሕመሙን ወደ ደህናው ወስዶታል ትላለች፤ ቀኙ ይትረፍ አይትረፍ ገና አላወቀችም።

ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው። የላክሽው ሁለት ነው፣ እኔ ያገኘሁት አንዱን ብቻ ነው። ሌላውን አባባ ደብቀውታል፣ እየጨመሩም ይመስለኛል። እኔንና ሚስቴን እንደ ሌባ ነው የሚያዩን። የሐኪሟን መድኃኒት ይዘን ስንቀርብ ፊታቸውን ያዞራሉ። የጎዳዎት እሱ ነው ስላቸው «ልጄ የላከችውን እኔ አውቀዋለሁ፤ ያቋረጣችሁብኝ እናንተ ናችሁ» አሉኝ። ካንቺ አፍ ካልሰሙ አይሰጡንም። አትደውዪ ያልኩትን እርሺው። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ቁጭ ሳትዪ ደውዪ።

ወንድምሽ


ኅዳር 29 ቀን

ለልጄ፣

እንደምን አለሽ? ይህን የምትጽፈው ምራቴ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። የሚያስከፋሽ ነገር ስናገር እጇን ታቆማለች፤ ጻፊ እያልኩ ነው የምቀጥለው።

ደውለሽ ያልሽኝን ሰምቻለሁ። ልቅሶሽ ብዙ ነበር እንጂ ቃሉ አጭር ነው፣ ገብቶኛል። እንዳልሽኝ ብልቃጡን ለወንድምሽ ሰጠሁት። የኮቴ ገበር ውስጥ ሰፍቼው ስለነበር እስክፈታው ቆሞ ጠበቀኝ። የገዛ ልጄን ጠርጥሬ መድኃኒት ገበር ውስጥ መስፋቴ አሳፍሮኛል። ይቅርታ ጠየቅሁት፣ እሱም ጠየቀኝ፤ ማን ማንን ይቅር እንዳለ ሳይለይ እራት ቀረበ። ይህችን ልጅም ጠርጥሬአት ነበር። ለሷ ያልኳትን ግን እዚህ አልጽፍም ብላለች፣ እንደፈቀደች።

ማን አባባሰው እየተባባላችሁ መሆኑን አውቃለሁ። አንቺ እኔ ነኝ ትያለሽ። ወንድምሽ ዝም ማለቴ ነው ይላል። ምራቴ ደግሞ አለቀ ሲል እውነቱን እያወቅሁ ዝም አልኩ ትላለች። ያን ወፍራም ጨርቅ በቀጭን መርፌ ልስፋ ብዬ የሰበርኩት እኔ ነኝ፤ የመርፌውን ነገር ካንቺ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። ለሁላችንም ይበቃናል፣ ከዚህ በላይ አትካፈሉት።

አንድ ነገር ግን ልንገርሽ፣ ልወቅስሽ አይደለም። ሁለተኛው ብልቃጥ ክፉኛ ያቃጥለኝ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ይሄ ነገር ልክ አይደለም ብዬ ነበር፤ በዓይኑ ሠርቶ የኖረ ሰው ዓይኑን ያውቃል። ግን ካንቺ ነው የመጣው። አንቺ የሚጎዳኝን አትልኪልኝም ብዬ ቻልኩት።

አሁን የሐኪሟን መድኃኒት እየጨመሩልኝ ነው። መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነ አውቃለሁ፣ ሰው ሲያልፍም ጥላው ይታየኛል። ከዚህ የተሻለ ይሆን አይሆን እሷም አታውቅም፣ እኔም አጥብቄ አልጠየቅኋትም። ወንድምሽ ክር ያስገባልኛል፣ እኔ በጣቴ እየዳሰስኩ ቁልፍ እተክላለሁ። ደንበኛ እስካሁን አላጉረመረመም።

ስትመጪ ከበሩ ላይ ሆነሽ ድምፅሽን አሰሚኝ። እንደ ልማድሽ ዝም ብለሽ ገብተሽ ፊቴ አትቁሚ፤ ማነሽ ልልሽ አልፈልግም።

አባትሽ